የበርሜሉ ግሊሰሪን የነዳጅ ማሻሻያ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ከሆቴሎችና ከዓሣ ጥብስ ቤቶች ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት እየሰበሰብን ባዮዲዝል የምንሠራ አምስት ሰዎች ነን። በሳምንት አንድ ጊዜ 100 ሊትር ዘይት በ20 ሊትር ሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ እናበስላለን። ነዳጁን በሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ከናፍጣ ጋር እየቀላቀሉ ለውኃ ፓምፕ ይጠቀሙበታል። ከሥር የሚቀረው ጥቁር ግሊሰሪን ግን ሦስት በርሜል ሞልቶ ተቀምጧል፤ በጥርና በታኅሣሥ ሌሊት እንደ ቅቤ ይረጋል። ግሊሰሪን ወደ ነዳጅ ማሻሻያ እንደሚለወጥ አንብቤአለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በኮምጣጤ አፍልቶ ናፍጣው ላይ ጥቂት ጥቂት ጠብ ማድረግ ይበቃል ይላል። ልክ ነው? ልክ ካልሆነስ ምን እናድርገው?»

በበርሜሎቹ ውስጥ ያለው ነገር ግሊሰሪን ብቻ አይደለም፤ ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚጀምረውም ግሊሰሪን ነው ብሎ ከማሰብ ነው። 100 ሊትር ዘይት ወደ 92 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ የሚወጣው ንጹሕ ግሊሰሪን ከ9 እስከ 10 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የሚጨምሩት 20 ሊትር ሜታኖል 16 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሂደቱ በትክክል የሚፈጀው ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎውን ገደማ ነው። የተረፈው 6 ኪሎ አይጠፋም፤ አብዛኛው ከግሊሰሪኑ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ኮስቲክ ሶዳውም ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚያው ይገባል። ያገለገለ ዘይት ደግሞ በመጥበሻ ላይ ውሎ የከረመ ስለሆነ ነፃ የስብ አሲድ ይበዛበታል፤ ይህ አሲድ ከሶዳው ጋር ተገናኝቶ ሳሙና ይሆናል። ሌሊት እንደ ቅቤ የሚረጋብዎት ይኸው የሶዳ ሳሙና እንጂ ግሊሰሪኑ አይደለም። እንግዲህ የያዙት የግሊሰሪን፣ የሜታኖል፣ የሳሙና፣ የሶዳ፣ የውኃና ያልተለወጠ ዘይት ድብልቅ ነው፤ ማንኛውም ለውጥ የሚጀምረውም እነዚህን አንድ በአንድ ከመለየት ነው።

ይህን ድብልቅ እንዳለ ናፍጣ ውስጥ መጨመር በምንም መጠን አይፈቀድም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የባዮዲዝል የጥራት ደረጃ፣ በነዳጁ ውስጥ የሚቀር ነፃ ግሊሰሪን በክብደት ከ0.02 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ይህ ለአንድ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ነዳጅ ሠሪዎች ባዮዲዝሉን ደጋግመው በውኃ የሚያጥቡት ይህችን ቅሪት ለማስወጣት ሆኖ ሳለ፣ ጓደኛዎ የሚመክሩት ታጥቦ የወጣውን መልሶ ማስገባት ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ባዶ የማር ብርጭቆ ውስጥ ናፍጣ ይሙሉ፤ ከበርሜሉ አንድ ማንኪያ ጨምረው ክዳኑን አጥብቀው ይወዝውዙት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ። መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ጠብታዎች እየተያያዙ ይወርዱና ከሥሩ እንደ ማር ወፍረው ይተኛሉ። የግሊሰሪን ጥግግት 1.26፣ የናፍጣ ደግሞ 0.83 አካባቢ በመሆኑ ሁለቱ ምንም ያህል ቢበጠበጡ አብረው አይቆዩም። በፓምፑ ሳልባትዮም ይኸው ይደርሳል፤ የናፍጣው መውጫ ቱቦ ደግሞ ያለው ከታች ነው።

እንዲህ ያለ ነዳጅ የጠጣ ሞተር ተፈትቶ አይቻለሁ። ፊልትሮው እጅ ላይ የሚያሟልጭ ቡናማ ዝቃጭ ሞልቶት ነበር፤ የኖዝሉ ጫፍ ላይ ደግሞ በጥፍር የማይፋቅ ነጣ ያለ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ቅርፊቱ የሶዲየም አመድ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ተደምረው በአንድ ኪሎ ባዮዲዝል ውስጥ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ የአውሮፓው ደረጃ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርስዎ በርሜል ደግሞ በሶዳ የተሞላ ነው። የኢንጄክተር ፓምፕ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሙከራ በብርጭቆ ያደርገዋል እንጂ በገበሬ ሞተር ላይ አያደርገውም።

ወደ ኮምጣጤው እንምጣ። ሐሳቡ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ግሊሰሪን ከአሴቲክ አሲድ ጋር ሲዋሐድ ትሪአሴቲን የሚባል ውሑድ ይገኛል፤ ትሪአሴቲንም በባዮዲዝል ላይ ተጨምሮ የተሞከረ ነገር ነው። የገበያ ኮምጣጤ ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሲሆን የቀረው ውኃ ነው። ውሕደቱ በራሱ ውኃ የሚያስወጣና ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ በመሆኑ፣ ውኃው በበዛ ቁጥር የተሠራው መልሶ ይፈርሳል። 95 በመቶ ውኃ ውስጥ ትሪአሴቲን ለመሥራት መሞከር ዝናብ ላይ በርበሬ እንደማስጣት ነው። በዚያም ላይ ያቺ ጥቂት አሲድ መጀመሪያ የምታገኘው ግሊሰሪኑን ሳይሆን በበርሜሉ ያለውን ሶዳ ስለሆነ እዚያው ተሟጥጣ ታልቃለች። በትክክል እንሥራ ቢባል ውኃ የሌለው አሴቲክ አሲድ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ግሊሰሪን በስሌት እንኳ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ይገባል። ያልተዋሐደው አሲድ በጥንቃቄ ካልወጣ ደግሞ የነዳጅ መሥመሩን ይበላል። ከግሊሰሪንና አይሶቡቲሊን ከሚባል ጋዝ የሚሠሩት፣ ኤተር የሚባሉት ውሑዶች ለናፍጣ ከሁሉ ይስማማሉ፤ በተለይ በአንድ ግሊሰሪን ላይ ሁለትና ሦስት አይሶቡቲሊን የያዙት በናፍጣ ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ። ነገር ግን ጋዙ የሚገኘው ከነዳጅ ማጣሪያ ነው፤ ሥራውም ግፊት የሚችል ጋን ይፈልጋል። ይህ የፋብሪካ ጉዳይ ስለሆነ እናልፈዋለን።

በአነስተኛ ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችለውና ምናልባትም እርስዎ ያነበቡት ሶልኬታል ነው። ግሊሰሪን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነው ከአሴቶን ጋር በአሲድ አጋዥነት ሲዋሐድ ሶልኬታልና ውኃ ይወጣሉ። ሙቀቱ ከፍተኛ አይደለም፤ አሴቶን በባሕር ወለል ከፍታ በ56 ዲግሪ፣ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ባለ ከተማ ደግሞ በ50 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ውሕደቱም በዚያው አካባቢ ይካሄዳል። የሚገኘው ቀለም አልባ ፈሳሽ በቤንዚን ላይ ከ1 እስከ 5 በመቶ ሲጨመር፣ ቤንዚን ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የሚያደርገውን የኦክቴን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርግና ቤንዚን ሲቀመጥ የሚፈጠረውን ሙጫ እንደሚቀንስ በምርምር ታይቷል። ልብ ይበሉ፣ ቤንዚን ነው ያልሁት። ብቻውን በናፍጣ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ባዮዲዝል ሲኖርበት ይሻላል፤ ሆኖም ናፍጣ በጊዜው እንዲቀጣጠል የሚያደርገውን የሴቴን ቁጥር አይጨምርለትም። የእርስዎ ደንበኞች ደግሞ የናፍጣ ፓምፕ ባለቤቶች ናቸው።

ሶልኬታል ከበርሜሉ በቀጥታ የማይሠራባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ ከተናገርሁት ቆሻሻ ይመነጫሉ። አንደኛው፣ ሥራውን የሚያካሂደው አሲድ ነው፤ ሶዳና ሳሙና ደግሞ አሲዱን ያመክኑታል። በፈሳሽ አሲድ ፈንታ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉትን፣ አሲድ የተሸከሙ የሙጫ (ሬዚን) እንክብሎች ቢጠቀሙ እንኳ፣ በግሊሰሪኑ ውስጥ የቀረው የጨው ሶዲየም በእንክብሎቹ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን እያስለቀቀ ቦታውን ይይዛል፤ ጥቂት ዙር ሳይሄዱ ውድ እንክብሎች ተራ አሸዋ ይሆናሉ። ሁለተኛው ውኃ ነው። እዚህም ውሕደቱ ተመላላሽ ስለሆነ እርጥብ ግሊሰሪን ውሕደቱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ቢሆን የአሲድ ቅሪትና እርጥበት ባንድነት ከቆዩበት ሶልኬታሉ ተመልሶ አሴቶንና ግሊሰሪን ይሆናል፤ ያኔ በቤንዚን ታንክ ሥር ያንኑ ማር መሰል ዝቃጭ ያገኙታል።

ሒሳቡን ደግሞ እንየው። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ግሊሰሪን ቢያንስ 630 ግራም አሴቶን ይጠፋል፤ ምንም ሳይባክን ቢሠራ የሚገኘው 1.4 ኪሎ ያህል ሶልኬታል ነው። በዓመት 50 ዙር ቢያበስሉ 480 ኪሎ ገደማ ግሊሰሪን ይኖርዎታል፤ ለዚህ 300 ኪሎ አሴቶን ይፈጃል፤ ለሥራው በትርፍ ገብቶ ተመልሶ የሚጠራቀመውን ሳይቆጥሩ ማለት ነው። እንግዲህ ማሻሻያው የሚሠራው በነፃ ካገኙት ነገር ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ከሚገዙት ኬሚካልም ነው። የአሴቶን ኪሎ ዋጋ ከቤንዚን ኪሎ ዋጋ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ምርቱን እንደ ነዳጅ መሸጥ ኪሳራ ነው፤ ያኔ ሊያዋጣ የሚችለው ጥራቱ በቤተ ሙከራ ተመስክሮለት እንደ ማሻሻያ በማሻሻያ ዋጋ የሚገዛው ሲገኝ ብቻ ነው። አሴቶን ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት እንኳ ተቀጣጣይ ተን የሚያወጣ መሆኑን ስጨምርበት፣ ከሰል ምድጃ ባለበት ግቢ የሚሞከር ነገር እንዳልሆነ ግልጽ ይመስለኛል።

ነዳጅዎ በእርግጥ መሻሻል የሚፈልግበት አንድ ነጥብ አለ፤ እርሱ ግን በግሊሰሪን አይፈታም። የምትሰበስቡት ዘይት በአብዛኛው ፓልም ከሆነ፣ ከእርሱ የሚወጣው ባዮዲዝል ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ሙቀት መደፍረስ ይጀምራል። የባሕር ዳር የበጋ ሌሊት ከዚህ በታች ስለሚወርድ፣ ጎሕ ሲቀድ ፓምፕ ለማስነሳት የሚሄድ ገበሬ ፊልትሮው ተዘግቶ ቢያገኘው አይገርምም። ለዚህ ሶልኬታልም ትሪአሴቲንም የአህያ ባል ናቸው፤ ከጅብ አያስጥሉም። ውፍረቱን በጥቂቱ ይቀንሱ ይሆናል እንጂ የስቡ ቅንጣት የሚረጋበትን ሙቀት እምብዛም አያወርዱትም። መፍትሔው በብርዱ ወራት የባዮዲዝሉን ድርሻ 20 በመቶና ከዚያ በታች አድርጎ ከናፍጣ ጋር ማደባለቅ፣ ከተቻለም የኑግና የሱፍ ዘይት የሚጠቀሙ ቤቶችን ዘይት ለብቻው ሰብስቦ ለእነዚህ ወራት ማቆየት ነው።

ከበርሜሉ ወደ ነዳጅ በትክክል ሊመለሱ የሚችሉት ሁለት ነገሮች ሜታኖሉና የስብ አሲዱ ናቸው፤ እኔ የምመክረውም ጉልበታችሁን በእነዚህ ላይ እንድታውሉ ነው። ሜታኖል በባሕር ዳር ከፍታ በ59 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በተዘጋ ጋን ውስጥ በኤሌክትሪክ ወይም በሙቅ ውኃ እየተሞቀ፣ ተኑ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ቢጠራቀም ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል። ሳሙናው አረፋ ስለሚያወጣ ጋኑ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ የጋኑ ሙቀት ሜታኖሉ እያለቀ ሲሄድ ከፍ ስለሚል 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውኃ የበዛበት ነው። አረቄ የማውጣት ልምድ ያለው ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው መመሳሰል ነው። ሜታኖል በመልኩም በጠረኑም ከአረቄ ለመለየት ያስቸግራል፤ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መጠጣት ሊገድል፣ ከዚያ ያነሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በመጠጥ ጠርሙስ ወይም በውኃ ሃይላንድ ፈጽሞ አይቀመጥ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ስለዚህ የእሳት ምድጃ፣ ሲጋራና ሻማ ባሉበት አይሠራ፤ ቤቱም ነፋስ የሚያስወጣ ይሁን።

ሜታኖሉ ከወጣ በኋላ የቀረውን ሳይቀዘቅዝ ፎስፎሪክ አሲድ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማማሰል ይከተላል። አሲዱ ሶዳውን ያረክሳል፣ ሳሙናውንም ወደ ስብ አሲድ ይመልሰዋል፤ የአሲድ መለኪያ ወረቀቱ 4 አካባቢ ሲያሳይ ማቆም ይቻላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ ነው፤ ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ግሊሰሪኑ ይጨመራል እንጂ ግሊሰሪኑ በአሲዱ ላይ አይገለበጥም። አድሮ ሲታይ ሦስት ንብርብር ይሆናል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ጥቁር የስብ አሲድ፣ መካከሉ ቡናማ ግሊሰሪን፣ ከሥሩ የሚዘቅጠው ጨው ነው። የላይኛው ተለይቶ ተቀድቶ በትርፍ ሜታኖልና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ አካባቢ ሰዓታት ከበሰለ ባዮዲዝል ይሆናል፤ ውኃውና አሲዱ ከተወገደለት በኋላ ከሚቀጥለው ዙር ዘይት ጋር አብሮ ይገባል። ከእንግዲህም በኮስቲክ ሶዳ ፈንታ ኮስቲክ ፖታሽ ተጠቀሙ። በክብደት 1.4 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሳሙናው ለስላሳ ስለሚሆን በርሜሉ አይረጋም፤ ከሥር የሚዘቅጠውም ፖታሲየም ፎስፌት ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የሶዲየሙ ጨው ግን ለመሬት አይጠቅምም። ማዳበሪያውንም ቢሆን ከሐይቁ ርቆ ባለ ማሳ ላይ እንጂ ዳር ላይ አትበትኑት፤ ፎስፌት ለእምቦጭ ቀለብ ነው።

የመካከሉ ግሊሰሪን 80 በመቶ ገደማ ሊጠራ ይችላል። ለእርሱ የመረጥሁት ቦታ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነው። ቃሉን ትንሽ ካሰፋነው ይህም የነዳጅ ማሻሻያ ነው፤ እበትና በእበት ላይ የተጨመረ የተከተፈ እምቦጭ የሚሰጡትን ጋዝ ከፍ ያደርጋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ግሊሰሪን ሙሉ በሙሉ ቢብላላ በስሌት 0.43 ሜትር ኩብ ያህል ሚቴን ይሰጣል። ነገር ግን ለባክቴሪያዎቹ እንደ ስኳር ፈጣን ምግብ በመሆኑ፣ ሲበዛባቸው ጉድጓዱ ይኮመጥጥና ጋዝ መስጠቱን ያቆማል። በቀን ከሚገባው እበትና ውኃ ከግማሽ በመቶ ጀምሮ፣ ለሳምንታት እየታየ እስከ 1 በመቶ ድረስ መድረስ ይቻላል፤ በሳምንት የምታገኙት 10 ኪሎ ለሁለት የቤተሰብ ጉድጓድ ይደለደላል። ሜታኖሉ ያልወጣለትና ሶዳው ያልረከሰ ጥሬ ድብልቅ ግን አይገባም።

በምድጃ ማቃጠልን አልመክርም። ግሊሰሪን በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ አክሮሊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲያርር ዓይንና ጉሮሮ የሚለበልበው ጢስ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ከሰጋቱራ ጋር ለውሰው የሚያነዱ አሉ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ጓዳ ውስጥ ግን ይህ ሊታሰብ አይገባም። ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቁ መድፋትም እንዲሁ። አንድ ኪሎ ግሊሰሪን በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ 1.2 ኪሎ ኦክስጅን ይወስዳል፤ በጣና ከፍታና ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ያቺ አንድ ኪሎ የ170 ሜትር ኩብ ውኃ ኦክስጅን ታሟጥጣለች። ጥልቀቱ 15 ሜትር በማይሞላ ሐይቅ፣ ያውም ቀረሶ በሚረባበት የደንገል ዳርቻ፣ አንድ በርሜል ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ከበርሜሉ በናፍጣ ላይ ምንም አትጨምሩ፤ ኮምጣጤውን ተዉት፤ ሜታኖሉንና የስብ አሲዱን መልሱ፤ ግሊሰሪኑን ለባዮጋዝ ስጡ። ሦስቱን በርሜሎች ከፀሐይና ከዳርቻው አርቃችሁ፣ ክዳናቸውን ገጥማችሁ፣ «ሜታኖል አለበት» ብላችሁ ጻፉባቸው። የሶልኬታሉ ነገር አሁንም ከከነከነዎት፣ ከተጣራው የመካከል ንብርብር አንድ ሊትር ይዘው ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሄደው አራት ቁጥሮች እንዲለኩልዎ ይጠይቁ፤ የግሊሰሪኑን መቶኛ፣ ውኃውን፣ አመዱንና የአሲድ ቁጥሩን። አመዱ ከ1 በመቶ በላይ ወይም ውኃው ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ አሴቶን አይግዙ። ከዚያ በታች ከሆነ፣ በባለሙያ እጅ በ100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ተሠርቶ በቤንዚን ላይ ይፈተን፤ ውጤቱም ከስድስት ወር ማከማቻ በኋላ ሳይለያይ ከቆየ ያኔ ስለ ሽያጭ መነጋገር እንችላለን።